ተሸካሚው የሌለው እግር

ይህ የሆነው ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ነው። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ትናንት የበላሁትን እረሳለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳውም። የነፍስ አባቴ ኩራት ኃጢአት ነው ይሉኛል። ይሁን፤ ለሌላው ሁሉ ንስሐ እገባለሁ፣ ለዚህኛው ግን አልገባም።

ነገሩን ያስነሣችው የልጅ ልጄ ናት። ከተማ ገብታ ማሸት ትማራለች። ሰሞኑን የእግር ሥዕል ይዛ መጣች፤ ቆዳው ተገፎ ከጉልበት በታች ያለው ጡንቻ ሁሉ በቀይ ቀለም የተሣለበት። «እማማ፣ ፈተና አለብኝ፤ ይህ የባት ጡንቻ ስሙ አልያዝልኝ አለ» አለችኝ። ሥዕሉን ሳየው ሳቄ መጣ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። እኔ የማውቅባቸው ስም ሌላ ነው እንጂ፣ በጣቴ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። እንዴት እንዳወቅኋቸው ስነግራት ደብተሯን ገልብጣ «እንደገና ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች። እነሆ እኔ እያወራሁ እሷ ትጽፋለች።

የባለቤቴ አባት ወጌሻ አለነ ይባሉ ነበር። እኔ አባዬ ነበር የምላቸው። ቤታችን ከአምበር በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። የተሰበረ፣ የወለቀ፣ የዞረ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል። እጃቸው የተባረከ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ ጉራ ይወዱ ነበር። ያዳኑትን እግር ለሰው ሳያወሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እማዬ፣ ማለት የባለቤቴ እናት፣ «የሰውን እግር ጠግነህ የራስህን አፍ መጠገን ያቃትህ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ምራት ሆኜ ስገባ አንዱ ሥራዬ ማታ ማታ እግራቸውን ማጠብ ሆነ። ያገራችን ልማድ ነው። አማትም ሆነ እንግዳ፣ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ቀርቦለት እግሩ ይታጠባል፣ ባቱ ይታሻል። ሲያበቃ ጉልበቱን ስመው ነው የሚነሡት። ጉልበት ሳይስሙ መነሣት እንግዳን ከመስደብ ይቆጠራል።

አባዬ ታዲያ ዝም ብለው አይታጠቡም። በገዛ እግራቸው ያስተምሩኝ ነበር። «እዚህ ጋ ተጫኚ። አይደለም፣ ወደ ውስጥ። እህ፣ አሁን አገኘሽው» ይላሉ። ላይ ያለውን የባት ሥጋ መንታው ይሉታል። ከጉልበት ጀርባ ሁለት ሆኖ ይወርዳል፤ የውስጠኛው ከውጭኛው ወፈር ያለና ወደ ታች ዘለቅ ያለ ነው። ከመንታው ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ የተኛውን ተሸካሚው ይሉታል። ሁለቱም ታች ላይ ተገናኝተው በአንድ ወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይታሰራሉ። በፊት በኩል ከቅልጥሙ ጎን ያለውን ደግሞ ቁልቁለቱ ብለውታል፤ ቁልቁለት የወረደ ሰው በማግሥቱ የሚያመው እሱ ነዋ።

«መንታው ለዝላይ ነው» ይሉኝ ነበር። «ሰውን ካገር አገር የሚያደርሰው ተሸካሚው ነው። መንገድ የለመደ ሰው ተሸካሚው ከመንታው ሥር በግራም በቀኝም ወጥቶ ታገኚዋለሽ። ስትፈልጊው ጉልበቱን ይጠፍልሽ። ጉልበት ሲታጠፍ መንታው ይላላል፣ ተሸካሚው ከሥር ለጣትሽ ይመጣል።»

እኔም ነገሩ ገባኝ፣ ወደድሁትም። የእንግዳ እግር ሳጥብ፣ ይህ ገበሬ ነው፣ ይህ ቆሞ አዳሪ ቄስ ነው፣ ይህ ደግሞ በቅሎ ላይ ያደገ የጌታ ልጅ ነው እያልሁ በሆዴ እለያለሁ። ለማንም አልናገርም። ያኔ ምራት ምን አፍ ነበራት?

ባለቤቴ ይስማው አርበኛ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲገባ ባቱን ጥይት በስቶት ወጣ፤ ጓደኞቹ በቃሬዛ አምጥተው ለአባቱ አስረከቡት። አጥንቱን አልነካውም፤ የውስጠኛውን መንታ ግን ቀዶታል። ቁስሉ እየደረቀ ቢሄድም ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። ጓዳ ውስጥ፣ ከእህሉ ጎታ ጀርባ ደብቀን አስተኛነው።

ጭንቃችን እሱን ወደ ጮቄ፣ ወደ ጓደኞቹ ማሻገር ነበር። በእግሩ አይሄድ። በቃሬዛ እንዳናወጣው መንገዱ ሁሉ ዓይን ነው። በቅሏችንን ባንዳዎች ነድተውብናል፤ ጎረቤትም የቀረችለት የለም። ወጌሻ አለነ አርበኛ ያክማሉ የሚል ወሬ ደግሞ ከተማ ደርሷል ይባላል። ይስማው እኛ ቤት ከተገኘ እሱም ይሰቀላል፣ ቤቱም ይቃጠላል። ይህን እያወቅሁ ነበር በየቀኑ የምፈጨውና የምጋግረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርቱ በረዶ ወረደ። ጋብ ሲል አንድ ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች» አለ። የራሰ ጋቢ ደርቧል፣ ዱላ ይዟል፣ እግሩ ባዶ ነው፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«የእግዜር እንግዳ፣ ግባ ልጄ» አሉ አባዬ።

«ነጋዴ ነኝ አባቴ» አለ መደቡ ላይ እየተቀመጠ። «ጨው በአህያ ሳመላልስ ዕድሜዬን በእግሬ ጨረስሁት። አህዮቹን አምበር ከጓደኞቼ ዘንድ ትቻቸው መጣሁ። ባቴን ይቆረጥመኛል። ለዚህስ ወጌሻ አለነ ናቸው ቢሉኝ ይኸው።»

ስማቸው በጨው ነጋዴ ዘንድ ሳይቀር መሰማቱ አባዬን ደስ አሰኛቸው። «ጠላ ቅጂለት» አሉኝ። «እግሩንም እጠቢለት።»

እማዬ ጓዳ ልጃቸው አጠገብ ነበሩ። እኔ ጠላውን ቀድቼ፣ ገበቴውን አቅርቤ ከሰውየው ፊት ተንበረከክሁ። ሁለቱ ከላይ ያወራሉ። ሰውየው አፈ ጮሌ ነው። «የወለቀ ትከሻ በአንድ እጅ ይመልሳሉ አሉ» ይላል። አባዬ ፈገግ ይላሉ። «እርስዎ የጠገኑት አጥንት ካልተሰበረው ይበረታል አሉ» ይላል። አባዬ ጠላቸውን ጎንጨት ይላሉ።

እኔ ጭቃውን አጥባለሁ። ጭቃው ሲለቅ ከሥሩ የወጣው ተረከዝ ስንጥቅ የሚባል የለበትም። ይህ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው አልሁ በሆዴ። ወደ ላይ ሄድሁ። የባቱ ጠጉር ተልጦ አልቋል። ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ቀለበት መስሎ ቆዳው ነጥቷል። በቅሏችንን የነዱት ባንዳዎች ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ገንባሌ አስረው ነበር የመጡት፤ የገንባሌው ማሰሪያ የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ይህስ ባንዳ ሳይሆን አይቀርም አልሁ። ግን ሰው በጥርጣሬ አይኮነንም፤ ተሸካሚውን ልየው አልሁ። ተቀምጧልና ጉልበቱ ታጥፏል፣ መንታው ላልቷል። ከሥሩ በሁለት ጣቴ ፈለግሁ። በግራ የለም። በቀኝ የለም። ጣቴ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰመጠ። ከሱሪው ጫፍ በውስጥ በኩል ደግሞ አጫጭር ቀይ ጠጉር ተጣብቋል፤ የበቅሎ ጠጉር።

ይሄኔ ሰውየው እንደዋዛ «ለመሆኑ አባቴ፣ ጥይት የመታው ባትስ ይድናል?» አለ።

«ጥይት?» አሉ አባዬ ጢማቸውን እየደባበሱ። «እንዴታ። ሰሞኑን እንኳ አንድ ባት…»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኒያ ሽማግሌ በገዛ አፋቸው ልጃቸውን ሊያስበሉት ነው። ምን ልሁን? ምራት በአማቷና በእንግዳ ወሬ መካከል አትገባም። ብገባ ደግሞ ሰውየው ይነቃል። በእጄ የቀረችኝ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች። እግሩን አበስሁ፣ ጉልበቱን ሳልስም ገበቴዬን ይዤ ብድግ አልሁ።

የአባዬ ወሬ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

«አንቺ» አሉ። ቤታቸው ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ ተቆጥተውኝ አያውቁም። «የእንግዳ ጉልበት ሳይሳም? ይህን ከማን ቤት ተማርሽው?»

«ይቅር ይበሉኝ አባዬ» አልሁ አንገቴን ደፍቼ። «ገና ስላልጨረስሁ ነው። ተሸካሚውን ፈልጌ አጣሁት። እርስዎ ራስዎ ቢያዩለት።»

አባዬ ጠላቸውን አስቀመጡ።

«ምኔን ነው ያጣችው?» አለ ሰውየው፣ ትንሽ ደንገጥ ብሎ።

አባዬ ቀስ ብለው ከመደቡ ወረዱና ተንበርክከው እግሩን ያዙ። እነዚያ ጣቶች ባቱን በሥርም በላይም ዞሩት። ነጩ ቀለበት ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ተረከዙን በመዳፋቸው አቅፈው ቆዩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም፤ ጆሯቸው ብቻ ቀላ። ሊናገሩት የነበረው ነገር ምን እንደሚያመጣ እንደገባቸው ያኔ አወቅሁ።

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ። «ይህ እግር ክፉኛ ታሟል። ዛሬውኑ ካልታሸ የትም አያደርስህ።»

«ኧረ ያን ያህል እንኳ አይደለም አባቴ።»

«ይቆረጥመኛል አላልህም?»

«ብያለሁ፣ ግን…»

«እንግዲያው በደረትህ ተኛ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቅቤ አቀብይኝ። ከወንዙ ዳርም ግራዋ ቆርጠሽ ነይ። አትቸኩይ።» ሁልጊዜ ተጣደፊ እያሉ የሚነዘንዙኝ ሰው አትቸኩይ ሲሉኝ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ወጥቼ ቆምሁና አሰብሁ። እንዲህ ያለ ባት ያለው ሰው ይህን አቀበት በእግሩ አልወጣውም። ቀዩ ጠጉር እንደሆነ ምስክር ነው። በቅሎዋ ሩቅ ልትሆን አትችልም። ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረድሁ፤ በረዶው ገና አልሟሟም፣ ይንሸራተታል። ወይራው ሥር ታስራ አገኘኋት። ቀይ በቅሎ፣ ደልደል ያለች፣ እርጥብ ኮርቻ የተጫነች። ከኮርቻው ጀርባ የተጠቀለለው ጨርቅ ሲፈታ ጫማና ገንባሌ ወጣ። ለቀረችኝ ጥርጣሬ ያ በቃኝ። ገንባሌውን ወንዝ ውስጥ ጣልሁና በቅሎዋን በእህሉ ማሳ ሥር ሥር፣ በቤቱ ጀርባ በኩል ወደ ጓዳው በር አመጣኋት።

እማዬ በሩን ገርበብ አድርገው በቅሎዋን ሲያዩ አማተቡ። በሁለት በኩል ይዘን ይስማውን አወጣነው። እሱ ግን በሩ ላይ ሲደርስ አልሄድም አለ።

«አባቴን ከባንዳ ጋር ትቼ?» አለ በሹክሹክታ።

ልክ ያኔ ከወዲያ ክፍል «እናቴን» የሚል ጩኸት መጣ፤ የአባዬ ድምፅ አልነበረም።

«ማን ከማን ጋር እንደቀረ ሰማህ?» አሉት እማዬ። «ውጣ።»

ኮርቻው ላይ አወጣነው። የታመመው እግሩ ከተንጠለጠለ ባቱ ይወጠርና ቁስሉ ይከፈታል ብዬ ፈራሁ። መቀነቴን ፈትቼ ጉልበቱ አጠፍ ብሎ፣ መንታው ላልቶ እንዲሄድ ከኮርቻው ጋር አሰርሁለት። ያንን ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ያሰብሁት ነው።

በቅሎዋን እየሳብሁ ሽቅብ ወጣን። የጮቄ ጉም ከበረዶው በኋላ ቁልቁል ወርዶ ሸፍኖናል፤ አንድም ሰው አላየንም። ጓደኞቹ ዘብ የሚቆሙበት አፋፍ ስንደርስ ይስማው «ሰውየው ባንዳ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለኝ።

«እግሩን አጠብሁት» አልሁት።

ሳቀ። ከቆሰለ ወዲህ ሲስቅ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ከዚያ ጉሙ ዋጠው። እኔም የምመለስበትን ግራዋ ከመንገድ ዳር ቀነጣጥቤ ቁልቁለቱን በሩጫ ተመለስሁ። እያለቀስሁ ነበር የምሮጠው፤ ከፍርሃት ይሁን ከደስታ አላውቅም።

ስደርስ አባዬ ላብ አጥምቋቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰውየው እንደተኛ ነው፤ ለመነሣት ሲሞክር እግሩ ይከዳዋል። አባዬ በክፋት አልነኩትም። ከተረከዙ ጅማት ጀምረው፣ ባንድ ቀን የሚታሸውንም በብዙ ቀን የሚታሸውንም እስከ ጉልበቱ ድረስ ባንድ ጊዜ አሹለት እንጂ። ኋላ እማዬ «ምን አደረግኸው?» ሲሏቸው የመለሱትን አገሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ይቀልድበታል። «አመመኝ ብሎ መጣ። እንግዳዬ ውሸታም እንዳይሆንብኝ አሳመምሁት» ነበር ያሉት።

እኛም እንደ እንግዳ ራት አበላነው፣ አጎዛ አንጥፈን አስተኛነው። ጠዋት ዱላውን ተመርኩዞ፣ እንደ አዲስ የተወለደ ጥጃ እየተንገዳገደ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው ልጄ፣ የጠፋህ ነገር አለ?» አሉት አባዬ።

አየኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ደጁን እጠርጋለሁ። ነጋዴ ነኝ፣ በእግሬ ነው የመጣሁት ብሏል፤ በቅሎ ጠፋችብኝ እንዴት ይበል?

«ምንም» አለ። «ምንም አልጠፋኝም።»

«እንግዲህ ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» አሉ አባዬ። «ቀስ እያልህ ሂድ። መንገዱ ራሱ ተሸካሚ ያወጣልሃል።»

ደብረ ማርቆስ ድረስ በዚያ እግሩ ሄደ። ቤታችን ይቃጠላል ብለን ከብቱን ወደ ዘመድ አሸሽተን፣ እህሉን ቀብረን ሰነበትን። ማንም አልመጣም። ለምን እንዳልመጡ እስከ ዛሬ አላውቅም። እማዬ ግን የመንግሥት በቅሎ ያስበላ ሰው ለጌታው ምን ብሎ ይናገር ነበር ይሉ ነበር።

በሚገርም ሁኔታ አባዬ ስለዚያ ቀን ለእኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጉራውም ቀረ። ሰው እግሩ ድኖ ሲያመሰግናቸው «እግዜር ነው» ብለው ዝም ይላሉ። አንዳንዴ የዚያን እንግዳ ጉልበት አለመሳሜ ቅር ብሏቸው ይሆን እያልሁ እጨነቅ ነበር።

ጠላት ከአገር ሲወጣ ይስማው ተመለሰ። ከአፋፉ ቁልቁል በእግሩ ሲመጣ አየሁት፤ ተረከዙ መሬት ይረግጣል። ጎረቤቱ ሁሉ እልል እያለ ቤቱ ሞላ። አባዬ ከመደባቸው ሆነው «ውሃ አሙቁ፣ ገበቴ አምጡ» አሉ። የይስማውን እግር እጠቢ ሊሉኝ ነው ብዬ ነጠላዬን አደገደግሁና ገበቴውን ይዤ ቀረብሁ።

«አስቀምጪውና እዚህ ተቀመጪ» አሉኝ። የተነሡት ከራሳቸው ቦታ ነው።

አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ እግሬን ወደ ቀሚሴ ሰበሰብሁ። «ኧረ አባዬ፣ ነውር ነው» አልሁ። አማት የምራቱን እግር ያጥባል? በአገራችን ተሰምቶም አይታወቅ።

«ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ» አሉ። ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ወጌሻ አለነ ነጭ ጢማቸውን ይዘው ፊቴ ተንበረከኩ። እግሬን አጠቡኝ። ጉልበቴን አጠፍ አድርገው ከባቴ ሥር በሁለት ጣታቸው ፈለጉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «አገኘሁት» አሉ። «የዚህ ቤት ተሸካሚ እዚህ ነው ያለው። ከእንግዲህ እጄ ሲደክም የሚመጣውን እግር እሷ ታየዋለች።»

እንዳሉትም ሆነ። እሳቸው ካለፉ በኋላ ስንቱን እግር በእጄ አቆምሁት። ሴት ወጌሻ ብሎ የሳቀብኝም በቃሬዛ መጥቶ በእግሩ ሄዷል።

የልጅ ልጄ አሁን ብዕሯን አስቀምጣ ሥዕሏን ታያለች። ተሸካሚውን በጣቷ ይዛዋለች፤ ስሙ ከእንግዲህ አይጠፋትም። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ብርድ ገብቶት ፀሐይ ላይ ዘርግቼዋለሁ። መነሣት ሲያቅተኝ ሰዎች ያዝኑልኛል። ማዘናቸው ደግ ነው፣ ግን ባይለፉ። ያን ቀን ውሃውን ካፈሰሱ በኋላ አባዬ ጎንበስ ብለው የሳሙት ይህንኑ ጉልበት ነው።